ባቡር የለቀቀው የወንዝ ዳር

ተማሪዎቼን «የከተማ ፓርክ ሳሉልኝ» ስላቸው ብዙዎቹ ዛፍ፣ ሣርና አግዳሚ ወንበር ይስላሉ። ፓርክ ማለት ከተማው ሲስፋፋ ሳይነካ የተረፈ መሬት ይመስላቸዋል። በከተማ መሀል ያለ የወንዝ ዳር ግን እንዲሁ ተርፎ አያውቅም። ወንዝ ባለበት ወፍጮ ይተከላል፣ ፋብሪካ ይቆማል፣ ሐዲድ ይዘረጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፓርክ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «እዚህ ምን ነበር? ማን አነሣው? የቀረውስ ለምን ቀረ?» መሆን አለበት። ይህን ለማስረዳት የመረጥኩት በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በስፖካን ከተማ መሀል ያለውን ሪቨርፍሮንት ፓርክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርታውን እንዘርጋ

ስፖካን ከሲያትል ወደ ምሥራቅ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአይዳሆ ድንበር አጠገብ ትገኛለች። በክፍለ ግዛቱ በሕዝብ ብዛት ከሲያትል ቀጥላ ሁለተኛ ናት። የስሟን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያየ እንግዳ ብዙ ጊዜ «ስፖኬን» ብሎ ያነባል፤ ነዋሪዎቿ የሚሏት ግን «ስፖካን» ነው።

ወንዙም በዚሁ ስም ይጠራል። ከአይዳሆው የኮር ደሌን ሐይቅ ወጥቶ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ትልቁን የኮሎምቢያ ወንዝ ይቀላቀላል። መሀል ከተማው ላይ ሲደርስ በደሴቶች ዙሪያ ይከፋፈልና በጥቁር ባዛልት ላይ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ የሚሠራው ድንጋይ ነው፤ የእኛ ጢስ ዓባይም የሚወድቀው ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ነው። ጠንካራ ድንጋይ በቀላሉ አይሸረሸርም፤ ወንዙ አልጋውን አስተካክሎ መሄድ ሲያቅተው ይዘላል። ፏፏቴ የሚባለው ይህ ነው።

ፓርኩ 40 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። በእግር ኳስ ሜዳ ብንለካው ከ50 ሜዳ በላይ ይሆናል። ደቡባዊውን ዳር፣ በመሀል ያሉትን ደሴቶችና ከሰሜኑ ዳር የተወሰነውን ይይዛል። ከአንድ ወገን የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ከሌላው ወገን የስብሰባ ማዕከሉ ያዋስኑታል። ከቢሮ የወጣ ሰው ምሳውን ይዞ በእግሩ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ የዚህ ፓርክ ትልቁ ሀብትም ይህ ቅርበቱ ይመስለኛል።

ውኃው እያለ የማይታይበት ዘመን

ነጮች ሰፋሪዎች ወደዚህ የመጡት ለውበቱ ብለው አልነበረም። ጄምስ ግሎቨር የተባለ ሰው በ1873 ፏፏቴውን ያየው በነጋዴ ዓይን ነው፤ የሚወድቅ ውኃ የእንጨት መሰንጠቂያ ያንቀሳቅሳል። በ1881 የኖርዘርን ፓሲፊክ ባቡር ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 1889 በተነሣ ቃጠሎ የመሀል ከተማው 32 ብሎክ ወደመ። ከተማዋ ግን በጡብ ተሠርታ ፈጥና ተነሣች፤ በዚያው ዓመትም የፏፏቴውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ኩባንያ ተቋቋመ። የሞንሮ ጎዳና የኃይል ማመንጫ በ1890 ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የባቡር ኩባንያዎቹ ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ የራሱን መስመር፣ የራሱን ጣቢያ፣ የራሱን ድልድይ ፈለገ። ግሬት ኖርዘርን በ1902 በወንዙ መሀል ባለው በሃቨርሜል ደሴት ላይ ትልቅ ጣቢያ ሠራ። በ1914 ደግሞ ዩኒየን ስቴሽን የተባለው ሌላ ጣቢያ በደቡቡ ዳር ተከፈተ፤ ሐዲዱም በከፍታ ላይ በተሠራ መተላለፊያ ነበር የሚገባው። በዚህ ሁኔታ ከዋናው ጎዳና ወደ ወንዙ የሚመለከት ሰው የሚያየው ብረት፣ መጋዘንና የቆሙ ፉርጎዎች ሆኑ። ፏፏቴው እዚያው ነው፤ ድምፁ ይሰማል፤ የሚታይበት ቦታ ግን የለም።

ይህ ጥፋት መሆኑን ቀድሞ የተናገረ አልጠፋም። የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የነበረው የፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ ልጆች ያቋቋሙት ድርጅት በስፖካን የፓርክ ቦርድ ተጋብዞ የከተማዋን መሬት አጥንቷል። በ1913 የታተመው ሪፖርታቸው ስለ ወንዙና ስለ ሸለቆው የተለየ ምክር ነበረው፤ ገደሉን ጠብቁት፣ የጠፋውንም ቀስ በቀስ መልሱት የሚል። ምክሩ ሲሰጥ ከሁለቱ ትልልቅ ጣቢያዎች አንዱ ገና አልተሠራም ነበር። ሰሚ አላገኘም። ለተማሪዎቼ ይህን ታሪክ የምነግራቸው ጥሩ ዕቅድ በመደርደሪያ ላይ 60 ዓመት ሊተኛ እንደሚችል እንዲያውቁ ነው።

ኤክስፖ 74

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው መኪና ገዛ፤ ገበያውም ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሸሸ። የመሀል ከተማ ነጋዴዎች ተደራጅተው መፍትሔ ፍለጋ ተነሡ። በ1963 ለዚሁ ሥራ የተቀጠረው ኪንግ ኮል የተባለ ሰው ነበር፤ «ኪንግ» ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፣ ስሙ ነው። ሐዲዱ ይነሣ ቢባል ወጪውን ማን ይችላል? ከተማዋ ብቻዋን አትችልም። ስለዚህ በኮልና በባልደረቦቹ ዘንድ አንድ ሐሳብ በሰለ፦ የዓለም ኤክስፖ፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ፣ እናዘጋጅ፤ የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ይመጣል፣ ኤክስፖው ሲያልቅ መሬቱ ለእኛ ይቀራል።

170 ሺህ ያህል ሰው ለሚኖርባት ከተማ ይህ ድፍረት ነበር። እስከዚያ ድረስ የዓለም ኤክስፖ ያስተናገደ ያን ያህል ትንሽ ከተማ አልነበረም። ከተማዋ በቦንድ እንድትበደር ነዋሪው ድምፅ ሲሰጥ የሚያስፈልገው ድምፅ ሳይሞላ ቀረ፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ በንግድ ላይ ግብር ጥሎ ገንዘቡን አገኘ።

የሐዲዱን ጉዳይ የፈታው አንድ አጋጣሚ ነው። በ1970 ግሬት ኖርዘርንና ኖርዘርን ፓሲፊክ ተዋህደው በርሊንግተን ኖርዘርን የሚባል አንድ ኩባንያ ሆኑ። አንድ ኩባንያ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት መስመር ምን ያደርግለታል? ሌሎቹም ኩባንያዎች በአንድ መስመር ለመጠቀም ተስማሙ፤ በወንዙ ዳር የነበራቸውን መሬትም ለቀቁ። ዛሬ በስፖካን የሚያልፉት ባቡሮች ከፓርኩ በስተደቡብ፣ በመሀል ከተማው ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራው በአሮጌው የኖርዘርን ፓሲፊክ መስመር ነው የሚሄዱት።

ኤክስፖው ግንቦት 4 ቀን 1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ተከፍቶ እስከ ኅዳር 3 ቆየ። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ሶቪየት ኅብረት፣ ጃፓን፣ ካናዳ፣ ኢራንና ሌሎችም አገሮች የየራሳቸውን አዳራሽ ሠሩ። ከዚያ በፊት የነበሩት የዓለም ኤክስፖዎች የሚያሞግሱት ማሽኑንና ፍጥነቱን ነበር፤ የስፖካኑ የተፈጥሮ አካባቢን ዋና ርዕሱ በማድረግ የመጀመሪያው ሆነ። ርዕሱን የመረጡት ለማስታወቂያ ብቻ ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን የቦታው ታሪክ ራሱ ርዕሱን ያስመረጣቸው ይመስለኛል፤ በሐዲድ ተሸፍኖ የኖረ ፏፏቴ ዳር ቆሞ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ይከብዳል። ኤክስፖው ሲዘጋ አብዛኛው አዳራሽ ተነሣ፤ በ1978 ቦታው ፓርክ ተብሎ በፕሬዚዳንት ካርተር ተመረቀ።

ጣቢያ የሌለው የሰዓት ማማ

በፓርኩ ውስጥ ከሩቅ የሚታየው 47 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የሰዓት ማማ ነው። በአራቱም ጎኑ ሰዓት አለው፤ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት 2.7 ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዳ ሰው ለጌጥ የተሠራ ሊመስለው ይችላል። ይህ ማማ ግን የ1902ቱ የግሬት ኖርዘርን ጣቢያ አካል ነበር፤ ጣቢያው ፈርሶ እርሱ ብቻ ቀረ።

ሁለቱ ጣቢያዎች ይዳኑ ብለው ዘመቻ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ ጉዳዩም ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ተሸነፉ። በ1973 የግሬት ኖርዘርን ጣቢያ ሲፈርስ ማማው እንዲቆም ተደረገ።

እዚህ ላይ ልባችሁ ለሁለት ቢከፈል አይገርመኝም፤ የእኔም ይከፈላል። ጣቢያው ውብ ነበር፤ ብዙ ሰው የመጣበትና ዘመዱን የሸኘበት በር ነበር። ባይፈርስ ደግሞ ወንዙ አይታይም ነበር። ስለ ቅርስ ስናስተምር «ሁሉም ይጠበቅ» ማለት ይቀለናል። የስፖካን ሰዎች ግን ሁለት ውድ ነገሮች በአንድ መሬት ላይ ቆመውባቸው ነበር። የቀረው ማማ የሁለቱ ስምምነት ነው። ሰዓቱ የድሮው ማሽን ነው፤ በእጅ እየተሞላ ይሠራል።

የሙሽራዋ ስጦታ

ካሩሰል የሚባለውን ታውቁታላችሁ፦ ክብ መድረክ ላይ የእንጨት ፈረሶች ተሰቅለው በሙዚቃ የሚሽከረከሩበት የልጆች መጫወቻ። በፓርኩ ያለው የሉፍ ካሩሰል በ1909 የተሠራ ነው፤ ታሪኩ ከወንዝ ዳሩ ሳይሆን ከአንድ ቤተሰብ ይጀምራል።

ቻርልስ ሉፍ ካሩሰል በመሥራት የታወቀ ባለሙያ ነበር። ከከተማው ወደ ምዕራብ በወንዙ ዳር ለነበረው ናታቶሪየም ለተባለ የመዝናኛ ፓርክ አንድ እንዲሠራ ተነጋገረ፤ የፓርኩ ባለቤቶች ግን ዋጋው በዛባቸው። እርሱም ካሩሰሉን ለልጁ ለኤማና ለባሏ ለሉዊስ ቮግል የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጠ። ባልና ሚስቱ ካሩሰሉን በዚያው ፓርክ አቁመው እያሠሩ ገቢውን ከባለቤቶቹ ጋር ተካፈሉ። ቮግል ኋላ ላይ ፓርኩን ራሱን ገዛው።

በመድረኩ ላይ 54 ፈረሶች፣ አንድ ቀጭኔ፣ አንድ ነብርና ሁለት በቻይና ዘንዶ ቅርጽ የተሠሩ መቀመጫዎች አሉ። ሁሉም በእጅ የተጠረቡ ናቸው። ከጀርመን የመጣ የአየር ኦርጋን ያጅባቸዋል። ውጭ በኩል ባሉት ፈረሶች ላይ የተቀመጠ ልጅ በሚዞርበት ጊዜ እጁን ዘርግቶ ከማደያው ላይ ቀለበት ይነጥቃል፤ ከዚያ ወደ ተሳለ ኢላማ ይወረውረዋል። ይህ ልማድ በድሮ ካሩሰሎች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ የሚገኝባቸው ቦታዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ናታቶሪየም በ1960ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ። እንዲህ ያሉ ካሩሰሎች ብዙ ጊዜ ፈረሶቻቸው አንድ በአንድ ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ይበተናሉ። ስፖካን ግን በ40 ሺህ ዶላር ጠቅላላውን ገዝታ በመጋዘን አስቀመጠችው። በ1975 በኤክስፖው ጊዜ የጀርመን ቢራ ቤት በነበረ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ተተከለ፤ በ1977 በአገር አቀፍ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በ2018 ደግሞ ሙቀቱና እርጥበቱ የሚጠበቅለት አዲስ ቤት ተሠራለት። ከዚህ ፓርክ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ማማው ቢቀርም ጣቢያው ሄዷል፤ ካሩሰሉ ግን እስከ ዛሬ የተሠራበትን ሥራ ይሠራል። አያት የተቀመጠችበት ፈረስ ላይ የልጅ ልጅዋ ይቀመጣል።

ሽፋን የሌለው ድንኳን

በኤክስፖው ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት አዳራሽ በብረት ገመድ የተወጠረ ግዙፍ ድንኳን ነበር፤ ምሰሶው ከ40 ሜትር በላይ ይሆናል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ለአንድ ኤክስፖ የተሠራ ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርጅቶ ተነሣ። ገመዶቹ ቀሩ። የከተማው ሰው ለ40 ዓመት ያየው ይህን የገመድ አጽም ነው፤ ለከተማዋ እንደ ምልክት የለመደውም እርሱን ነው።

በ2014 ነዋሪው በ64 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ፓርኩ እንዲታደስ ድምፅ ሰጠ። ከእድሳቱ ጋር «ድንኳኑ እንደገና ይሸፈን ወይስ አይሸፈን?» የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሽፋን ይጠብቅ የነበረውም ሰው ቅር ተሰኝቷል። በ2019 ሲከፈት ሽፋን አልነበረውም፤ በገመዶቹ ላይ መብራቶች ተሰቅለዋል፣ ከሥሩ የመቀመጫ ደረጃዎችና መድረክ ተሠርተዋል። ቀደም ብሎ በ2017 ከድንኳኑ ውጭ እንደ ሪባን የሚጠማዘዝ የበረዶ መንሸራተቻ ተከፍቷል፤ በክረምት በረዶ ይረጋበታል፣ በረዶው ሲነሣ በባለ ጎማ ጫማ ይነዱበታል።

ፍየል፣ ሠረገላና ሯጮች

ሐውልት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጄኔራል ነው። እዚህ ግን ፍየል አለች። ፓውላ ተርንቡል የተባሉት መነኩሲትና ቀራፂ በ1974 የሠሯት የብረት ፍየል አፏ ላይ ወረቀት ሲያስጠጉላት በአየር ግፊት ስባ ትውጣለች። ልጆች ቆሻሻ ፈልገው ይመጣሉ፤ ያጡ እንደሆነ ቅጠል ያበሏታል። ስለ ንጽሕና ከተሰጡ ትምህርቶች ሁሉ ይህን ያህል የተሳካ አላየሁም።

ቀዩ ሠረገላ በ1990 በኬን ስፒሪንግ የተሠራ ነው። አሜሪካውያን ልጆች የሚጎትቱት የቀይ ቆርቆሮ ጋሪ በ26 ቶን ክብደት ገዝፎ ቆሟል፤ መጎተቻው ደግሞ መንሸራተቻ ነው።

የሯጮቹ ሐውልት ጉዳይ የኛንም አገር ሰው ይነካል። በፓርኩ ጥግ ላይ ከዝገት ቀለም ብረት የተቆረጡ 40 ሯጮች ሲሮጡ ይታያሉ፤ የዴቪድ ጎቬዳሬ ሥራ ነው። የሚያስታውሱት በየዓመቱ በግንቦት የመጀመሪያ እሑድ የሚካሄደውን የብሉምስዴይ የ12 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ውድድሩን በ1977 የጀመረው የስፖካን ነዋሪው ዶን ካርዶንግ ሲሆን በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ በማራቶን አራተኛ የወጣ ሯጭ ነው። ኢትዮጵያውያን ሯጮችም ወደዚህ ውድድር ሲመጡ ኖረዋል። ከሩጫ በቀር ሌላም የእኛ አሻራ በዚያ ሰፈር ነበር፤ ከፓርኩ በስተሰሜን ባለው አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ፣ በኤክስፖው ዘመን ወደ ሱቆች በተለወጠው ሕንፃ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፍቶ ከተማውን ከእንጀራ ጋር አስተዋውቋል። ስንዴ የተፈጨበት ቤት ውስጥ ጤፍ መቅረቡ ደስ ይለኛል።

ፏፏቴውን የሚከፍትና የሚዘጋ አለ?

አዎን፣ በከፊል አለ። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይደነግጣሉ።

ወንዙ በበልግ ማብቂያ፣ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ፣ በሰከንድ ብዙ መቶ ሜትር ኩብ ውኃ ያመጣል፤ ድልድዮቹ ላይ የቆመ ሰው በውኃ ፍንጣቂ ይርሳል። በነሐሴ ደግሞ 30 ሜትር ኩብ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ወንዙ ላይ የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ በፓርኩ ውስጥ ያለው አፐር ፎልስ የተባለው ከ1922 ጀምሮ ይሠራል። በበጋ ውኃው ሲያንስ ለማመንጫው የተጠለፈው ውኃ ለፏፏቴው ከሚቀረው ይበልጥ ነበር፤ ጎብኚ ሊያይ ሲመጣ የሚያገኘው ደረቅ ድንጋይ ነው።

ጢስ ዓባይን ያየ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወደ ተርባይኑ ተጠልፎ ፏፏቴው በአብዛኛው ወራት ቀጥኖ ቀርቷል። መብራት ያስፈልጋል፤ ፏፏቴውም ያስፈልጋል።

በስፖካን ጥያቄው የተነሣው የማመንጫዎቹ የፌዴራል ፈቃድ ሲታደስ ነው። የአካባቢ ተሟጋቾች ተከራከሩ፤ በ2009 ከማመንጫዎቹ ባለቤት ኩባንያ ጋር ተስማምተው በበጋም ቢሆን የተወሰነ መጠን ያለው ውኃ በፏፏቴው ላይ እንዲፈስ ተወሰነ። ኩባንያው ጥቂቱ ውኃ በአንድ ጥግ ሾልኮ እንዳይጠፋና በድንጋዩ ላይ ተበትኖ እንዲታይ የወንዙን አልጋ አስተካከለ። ፈቃድ የሚታደስበት ቀን የሚመጣው በብዙ አሥርት ዓመታት አንዴ ነው። የስፖካን ሰዎች ያን ቀን ተዘጋጅተው ጠበቁት፤ ቢያመልጣቸው ኖሮ ቀጣዩን የሚጠብቁት ልጆቻቸው ነበሩ።

የሕዝብ ቦታ እንዴት ይከራያል?

አሁን ወደ ድግሱ እንምጣ። በዚህ ፓርክ ሠርግ ይደረጋል፣ የልደት በዓል ይከበራል፣ የኩባንያ ስብሰባ ይካሄዳል፣ ትልልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶችም ይቀርባሉ። «የሕዝብ ከሆነ ለምን ኪራይ ይከፈላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ፓርኩ ከየት እንደሚተዳደር እንይ። ስፖካን ከ1907 ጀምሮ ከምክር ቤቱ የተለየ የፓርክ ቦርድ አላት፤ በከተማዋ ቻርተር መሠረትም ከአጠቃላይ በጀቱ ወጪ 8 በመቶ ለፓርኮች ይሰጣል። ይህ ለብዙ ከተሞች ሕልም ነው፤ በችግር ዓመት መጀመሪያ የሚቆረጠው የፓርክ ገንዘብ ነውና። ሆኖም ይህ ገንዘብ የሚከፋፈለው ለከተማዋ ፓርኮች ሁሉ ነው፤ እንደ ሪቨርፍሮንት ያለው፣ ካሩሰልና የበረዶ መንሸራተቻ ያለው፣ ወጪው ብዙ ነው። ኪራዩ ቀሪውን ይደግፋል።

የሚከራዩት ቦታዎች እንደ ድግሱ ይለያያሉ። ለብዙ ሺህ ሰው የሙዚቃ ዝግጅት ድንኳኑ አለ። ለልጅ ልደት በካሩሰሉ ቤት ውስጥ ያሉት ክፍሎች ይመቻሉ፤ ኬኩ ተቆርጦ ልጆቹ ወዲያው ወደ ፈረሶቹ ይሮጣሉ። ለሠርግ ብዙዎች ማማውን ከጀርባ የሚያሳየውን ሜዳ ይወዱታል። ሊላክ ቦውል የሚባለው ተዳፋት ሣር ደግሞ ተፈጥሮ የሠራችው የቲያትር አዳራሽ ነው፤ ሰው ተዳፋቱ ላይ ይቀመጣል፣ ወንዙ ከፊቱ ነው። ስሙ ከተማዋ ከምትታወቅበት ከሊላክ አበባ የመጣ ነው።

አሠራሩ በእንዲህ ያሉ ፓርኮች በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ቀኑን አስቀድማችሁ ትይዛላችሁ። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ድንኳን እንደምትተክሉ፣ ድምፅ ማጉያ እንደምታመጡ፣ ምግብና መጠጥ እንደሚቀርብ ትጽፋላችሁ። ሰው ብዙ ከሆነ የመድን ዋስትናና ጥበቃ ይጠየቃል፤ አልኮል ካለ የራሱ ፈቃድ አለው። ለጽዳት መያዣ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። የእኛ ሰው በውጭ አገር ሲደግስ ብዙ ጊዜ የሚቸገርበት የሰው ቁጥር ነው፤ 100 ጠርቶ 180 ይመጣል፣ የመጣውንም መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ቅጹን ስትሞሉ የጠራችሁትን ሳይሆን የሚመጣውን ጻፉ። ቡና ለማፍላት ከሰልና ዕጣን ለማጨስ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሳት በሣር ላይ የሚፈቀድባቸው ፓርኮች ጥቂት ናቸው።

የኪራዩ ወሰን የት ነው? እኔ የምይዘው መመዘኛ ይህ ነው፦ ያልተጋበዘ ሰው በዚያች ሰዓት ወንዙን ማየት ይችላል? በእግረኛ መንገዱ ማለፍ ይችላል? የሚችል ከሆነ ድግሱ የፓርኩ ሕይወት ነው። መሀል ፓርኩ በአጥር ተከቦ፣ የቲኬት ሰልፍ ድልድዩን ዘግቶ፣ አላፊው «ዛሬ ዝግ ነው» ከተባለ ግን ከባቡሩ የተወሰደው መሬት ለሌላ ባለ አጥር ተሰጠ ማለት ነው። አዘውትሮ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት የሚያስተናግድ ፓርክ ይህን በየዓመቱ መመርመር ይኖርበታል። ቀን መቁጠሪያው ላይ ለማንም ያልተከራየ ቅዳሜ መኖር አለበት።

ከሁሉ በፊት የነበሩት

ይህን ክፍል መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ታሪኩን ከሰፋሪው ከግሎቨር ስጀምር አንድ ትልቅ ነገር ዘልያለሁ፤ ብዙ የታሪክ መጻሕፍትም እንዲሁ ይዘላሉ።

ከ1873 በፊት ፏፏቴው ባዶ አልነበረም። የስፖካን ሕዝብ፣ ከተማውና ወንዙ በስሙ የተጠሩት ሕዝብ፣ ሳልመን ዓሣ ሲወጣ እዚህ ይሰበሰብ ነበር። ሳልመን በባሕር አድጎ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው፤ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ በኮሎምቢያ ሽቅብ ዋኝቶ ፏፏቴው ሥር ሲደርስ ይከማቻል። ጎረቤት ሕዝቦችም ይመጡ ነበር። ዓሣ ይጠመዳል፣ ይደርቃል፣ ንግድ ይካሄዳል፣ ጋብቻ ይታሰባል። በዚያ ቦታ ሰው ተሰብስቦ መደገስ የጀመረው የኪራይ ቅጽ ከመታተሙ በፊት ነው።

በፓርኩ ካሉት ደሴቶች አንዱ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በአንድ ሰፋሪ ባለሀብት ስም ካነን ተባለ፤ በኤክስፖው ጊዜ ካናዳ አዳራሿን ስለሠራችበት ካናዳ ደሴት ሆነ። በቅርብ ዓመታት ከተማዋ ከስፖካን ጎሳ ጋር ተነጋግራ በስፖካን ቋንቋ «የሳልመን ሕዝብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥታዋለች። ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብም ለነባሮቹ ሕዝቦች መሰብሰቢያ የሚሆን አደባባይ ተሠርቷል።

ደሴቱ በዓሣው ስም ሲጠራ በዙሪያው ዓሣው የለም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ከከተማው በታች ግድብ በግድብ ላይ ተሠራ፤ በኮሎምቢያ ላይ ደግሞ በ1942 የተጠናቀቀው ግዙፉ ግራንድ ኩሊ መንገዱን ፈጽሞ ዘጋው። የአካባቢው ነባር ጎሳዎች በቅርቡ ሳልመን በመኪና ጭነው እያመጡ ከግድቦቹ በላይ በወንዙ ውስጥ መልቀቅ ጀምረዋል። ሽማግሌዎች በዳሩ ቆመው ይዘምራሉ፤ ልጆች ዓሣውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ውኃው ያወርዱታል። ከዚያ በታች በስፖካን ወንዝ ላይ ያሉት ግድቦችና ግራንድ ኩሊ ግን እስካሁን ዓሣ የሚያልፍበት መንገድ የላቸውም።